አባባ በራፍ ላይ የሚተፉት ውሃ

ወንድ አያቴ፣ አባባ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ውለው ከሚሴ ወዳለው ቤታችን ሲመለሱ፣ መጀመሪያ በራፍ ላይ አፋቸውን ይጉመጠመጡ ነበር።

«አባባ፣ ምን ተባባሉ?» ስላቸው፣ «ተፋሁትኮ ልጄ! ከፈለግሽ ከመሬት ልቀሚው» ይሉኝ ነበር።

አላህ ይዘንላቸውና፣ ሲሞቱ ዘመዶቻችን ለሐዘንተኛው የሚነበብ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ጠየቁኝ። ሳስታምማቸው ስለ ትዳራቸው የነገሩኝ ነገር አለ። እሱን ከተውኩት አባባን አልጻፍኳቸውም፤ ከጻፍኩት ደግሞ ሚስታቸው እማማ ሲነበብ ይሰማሉ።

ትናንት እማማ፣ «ስለኔስ ምን አሉሽ?» አሉኝ።

«ደግ ናት አሉ።»

«እሱንማ ለሁሉም ይላሉ!» ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ግን ከፊቴ አልተነሳም።

የአባባ ጆግ ዛሬም በራፉ ላይ አለ። ወጥቼ እንደ እሳቸው ተጉመጠመጥኩ። ነገሩ ግን ከአፌ አልወጣልኝም።