ኦፓላችን ጠበል ሲነካ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት፣ ተራራ ላይ፣ ፈረንጅ ፊት፣ ቤተሰባችን በሙሉ ተገመገመ... በአንዲት ድንጋይ ምክንያት።

ሰው ፊት ማውራት አልችልም። መጻፍ ይሻለኛል፤ ስለዚህ እዚህ ልንገራችሁ።

ከመርሳ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ላይ ጠበል አለ። ከጫፉ ሆነው ሲያዩ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ይታያል፤ ለዚያ ሲሉ አስጎብኚ ይዘው የሚመጡ ፈረንጆች አይጠፉም። እኛ ደግሞ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ወጣ ሲባል ከሰማን ወዲህ ከመንገዱ ሥር ያለውን ገደል እንቆፍራለን። እኛ ማለት አባዬ፣ እማዬና ታላቅ ወንድሜ ሞላ። እኔም ከትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስመለስ እቀላቀላቸዋለሁ።

አባዬ የቀበሌያችን የአንድ ለአምስት መሪ ነው። ስብሰባ ይወዳል። ቁፋሮ ስንጀምር እንኳ «የዕለቱ አጀንዳ...» ብሎ ነው ዶማ የሚያነሳው።

ያን ቀን የሞላ ዶማ የርግብ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ፈለቀቀ። አባዬ በጋቢው ጫፍ ጠረጋት። ውስጧ አረንጓዴና ቀይ እሳት ይንቀለቀላል! አባዬ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«ይቺ ከተሸጠች ልጄ ወልድያ ቤት ተከራይታ ትማራለች» አለ፣ እኔን እያየ።

ዓይኔን ከዓይኑ አሸሽቼ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

እማዬ «ሳይባረክ ቤቴ አይገባም» ብላ ድንጋዩን ጠበል በተሞላ ኩባያ ውስጥ ከተተችው። እኛም ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቆሏችንን ቆረጠምን። በልተን ስንጨርስ አወጣችው...

እሳቱ የለም። ቀለም የሚባል የለም። ብርጭቆ ሆኗል! በድንጋዩ ውስጥ የእማዬ መዳፍ መስመር ሳይቀር ይታያል።

«ጠበሉ አጋለጠን!» አለች እማዬ። «ከመሃላችን ኃጢአት የደበቀ አለ። ንስሐ!»

በዚህ መሃል አንድ አስጎብኚና አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ከላይ ወርደው አጠገባችን ቆሙ። ሴትዮዋ ድንጋዩን አይታ ለአስጎብኚው አንድ ነገር አለችው። እሱ ግን በእጁ ቆይ አላት። አባዬ ሰው ሲበዛለት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ግለ ሂስ ነው። የሚጀመረውም ከላይ ነው፤ ከእኔ። የጎረቤታችን የይማም ልጅ ሰርግ ላይ... የክርስቲያኑ ድንኳን ጠፍቶኝ አልነበረም። አውቄ ነው የእስላሙን ሥጋ የበላሁት።»

እማዬ አማተበች። «እና... ጣፈጠህ?»

«ግለ ሂስ ነውና አልዋሽም። ጣፈጠኝ።»

ድንጋዩን አየነው። ምንም የለም።

ሞላ ቀጠለ። «ትናንት ስትቆፍሩ ውሃ ልቀዳ ብዬ ሄጄ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቻለሁ።»

«ያንንማ ማንኮራፋትህን ሰምተናል፤ እሱ አይቆጠርም» አለው አባዬ።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ያንን ቀይ አውራ ዶሮ አነር አልበላውም። ውርጌሳ ላለችው እህቴ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሴትዮ! ያንን አነር እኮ ሦስት ሌሊት ዱላ ይዤ አድፍጬበታለሁ!»

«አይቼሃለሁ። አሳዝነኸኝ ነበር።»

አሁንም ድንጋዩ ብርጭቆ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ... አስጎብኚው ሳይቀር። ምንም የለብኝም ብል ይቻል ነበር። ግን የድንጋዩ ጥፋት በእኔ እንዳይሆን ፈራሁ። አንገቴን ደፍቼ ተናገርኩት።

«አልተሰማም፣ ጮክ በይ!» አለች እማዬ።

«ትምህርት ቤት... አልሄድም...»

«ጮክ በይ እንጂ!»

«ትምህርት ቤት ከሄድኩ ወር ሆኖኛል!» ብዬ ጮህኩ። «መምህሩ ተነሥተሽ አንብቢ ሲለኝ ድምፄ ጠፍቶ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ! ከዚያ ወዲህ ደወል እስኪደወል ማንጎ ሥር ተደብቄ ነው የምውለው!»

ገደሉ ድምፄን መልሶ አስተጋባው። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። እማዬ አፏን ይዛ ቀረች። አባዬ ድንጋዩን ከእማዬ እጅ ወስዶ እያገላበጠ ያያል።

ያኔ አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሴትዮዋ ድንጋይ ታውቃለች። የዚህ አገር ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል ነው የምትለው።»

አራታችንም ተያየን።

«አንተ ልጅ፣ ታዲያ ይህን ቀድመህ አትናገርም?» አለ አባዬ።

«እሷማ ገና ሲጀመር ነው የነገረችኝ። ግን ግምገማ በመሃል አይቋረጥም ብዬ ነው...»

ድንጋዩን በአባዬ ጋቢ ጫፍ ቋጥረን ቁልቁል ወደ ቤት ወረድን። ድንጋዩ መደብ ላይ ተሰጣ። እሁድ አመሻሽ ላይ እሳቱ ተመለሰ፤ አንዳችንም እልል አላልንም።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ጋቢውን ለብሶ ክፍሌ በር ድረስ ወሰደኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ልጁ ሁሉ እያየ፣ መምህሩን «ይቺ ልጅ ፈረንጅ ፊት ጮክ ብላ ተናግራለች፤ ምስክር አለኝ» አለው።

ድንጋዩስ ደርቆ ቀለሙን መልሷል... እኛ ነን እስካሁን ውስጣችን እየታየ ያለነው።