ደመናውን ያየሁት እኔ ነኝ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከባጃጅ ማዞሪያው ፊት ለፊት ያለችውን የሬዲዮና የስልክ መጠገኛዬን የማያውቅ ሰው ከተማዋን አያውቃትም። ጉራ ይመስላል፤ ነውም። ፊደል የቆጠርኩት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ሬዲዮ መፍታት የተማርኩት የአጎቴን ሬዲዮ አበላሽቼ ነው። አስተማሪ ስላልነበረኝ ባጠፋ የሚወቀስልኝ የለም። ከሙያዬ ይልቅ የታወቅሁት ግን በአፌ ነው። ሰው ምንም ያልሆነ ስልክ ይዞ ይመጣና "እስቲ እየው" ይለኛል። ጨዋታ ርቦት እንደሆነ ስለማውቅ አየዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ ሰማዩ ያለወትሮው ጠቆረ። በእኛ አገር ጤፉ ደርቆ ማጭድ ሲጠብቅ የሚጠቁር ሰማይ ከመርዶ አይተናነስም። ባጃጅ ነጂዎቹ ከሱቄ ታዛ ተጠግተው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አንዲት ልጅ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች። የነርስነት ተማሪ ናት፤ በመልክ አውቃታለሁ። ከነጂዎቹ አንዱ አያትና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣

"በሉ ግቡ፤ በረዶው ከየት እንደሚመጣ ታወቀ። የሻሪው የልጅ ልጅ መጣች" አለ።

ሳቁ። ልጅቷ አልዞረችም፤ ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሳቅ ባለበት ዝም ብዬ የማላውቀው እኔ አንገቴን ደፍቼ መፍቻዬን አነሳሁ። በዓል ሻሪ ማለት ነው፤ ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኛ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይሄ ነጂ ያን ጊዜ አልተወለደም፤ ግን ቀልዴ ጠብቆ ተቀበለው። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ አንድም ቀን ጥገና ያልጠየቀ ያ ቀልድ ነው።

ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ አስፋልቱን ለቀው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ ገጠር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለደቦ የምጠራው ለማጭዴ አልነበረም፤ ማጭዴ ከሦስተኛው ነዶ በኋላ ይደክማል። ለአፌ ነበር። አጫጁ ጎንበስ ብሎ ሲዝል እኔ አንድ ግጥም እወረውራለሁ፤ ሰዉ እየሳቀ አንድ ትልም ይጨርሳል። ለዚህም ጠላው ቀድሞ ለእኔ ይቀዳ ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜው ቀድሞ ከተቀዳለት ልክ የሆነ ይመስለዋል።

አያ ስንሻው የሚባል ሰው ነበረ። አርባ ያለፈው፣ ቀጭን፣ አባቱ ከአዊ መጥተው እኛ ዘንድ የሰፈሩ። በሬዎቹን የሚያናግራቸው በአገውኛ ነበር፤ ከሰው ጋር ብዙም አያወራ። ስለ ሃይማኖት ሲያስተምር ወይ ሲመክር ሰምቼው አላውቅም። ግን ሰው ሲሞት መቃብር ቆፋሪው እሱ ነው። ሰው ሲታመም ማሳው ሳይታረም አያድርም፤ ማን እንዳረመው ጠይቀህ የምትደርስበት ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ በልቤ ሞኝ እለው ነበር። በአፌም ብያለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት ይታይሽ የምትባል ጎረቤታችን ባሏ ሞቶባት ከሦስት ልጆች ጋር ቀረች። የነበራት ከተዳፋቱ ላይ ያለች አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። ደቦዋ ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር።

በሚካኤል ዕለት ቅዳሴ እንደወጣን የሰንበቴው ማኅበርተኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለሚካኤል ዝክር ተቀመጠ። የዳጉሳው ዳቦ ተቆርሷል፣ ጠላው ግን አንሶ እኔ ከወንዙ ማዶ ካለው ከአክስቴ ቤት እንስራ እንዳመጣ ተላክሁ። በተዳፋቱ ሳልፍ አያ ስንሻው ባዶ እጁን ቆሞ ወደ ቆላው ያያል። እኔም አየሁ። እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ደመና ከሥር እየተነሳ ነው። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዟል፣ በኅዳር የማይገባው ሽታ።

"አየኸው አያሌው?" አለኝ።

"አየሁት አያ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ይች ጤፍ ከተመታች ይታይሽ ልጆቿን ይዛ ከመንገድ ነው የምትወጣው። ሂድና ማጭድህን አምጣ። ሁለት ከሆንን እናደርሰዋለን።"

"ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው" አልሁት።

ወደ ጎን ዞሮ አየና፣ "የራሴን አልነካም" አለ። የሱ ማሳ ከይታይሽ ማሳ ቀጥሎ ነው፤ ጤፉ ከሷም ይበልጥ ደርሷል። "የሷን ግን ሚካኤል ራሱ ቢያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ያግዘኛል እንጂ አይቆጣኝም።"

እመጣለሁ አልሁት። ከተናገርሁት ቃል ሁሉ ዛሬም የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። እምቢ ብለው ኖሮ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

እንስራውን ተሸክሜ ስመለስ ግን ሆዴ ውስጥ ጨዋታ እየተፍለቀለቀ ነው። ከሰንበቴው ደርሼ ገና ሳላወርድ ለሰዉ ነገርሁት። አጎነባበሱን አሳየሁ፣ ሚካኤል ሲያጭድ አስመሰልሁ፣ ከዚያም እንዲህ አልሁ፦

*እኛ ለሚካኤል ጠላ ስንቀዳ፣*
*ሻሪው ማጭድ ስሎ ወረደ ከሜዳ።*

በሳቅ ዳቦ ያነቀው ሰው ነበር። አንዳንዱ ተነስቶ በቅጥሩ አሻግሮ አየ፤ እውነትም አያ ስንሻው ብቻውን ጎንብሷል። ቆላው ከተዳፋቱ ነው እንጂ ከቅጥሩ አይታይም፤ ስለ ደመናው አልተናገርሁም። ቢነገር ጨዋታው ይበላሻል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶው ወረደ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነበር፤ ሲያቆም አገሩ ነጭ፣ ጤፉ ጭቃ ነበር። የሁላችንም ሄደ። የአያ ስንሻውም ማጭድ ሳይነካው በቆመበት ተወቃ። የተረፈችው አጭዶ፣ በጀርባው አመላልሶ፣ ከይታይሽ ጎተራ አጠገብ የከመራት ብቻ ናት።

በእኛ ዘንድ በረዶ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠየቀው "በዓል የሻረ ማን ነው?" ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ ግጥም ሆኖ ወጥቷል። ሰውዬው ደመናውን አይቶ አጨደ፤ አገሩ ደግሞ እሱ ስላጨደ ደመናው መጣ አለ። እንዲህ የተገለበጠውን የሚያቀና አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በእሑዱ ከዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። የሰንበቴው ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ማሳቸው የጠፋባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሆኖም በእርጋታ ነበር የጠየቁት። በሚካኤል አጭደሃል ወይ አሉት፤ አጭጃለሁ አለ። ለምን አሉት፤ ደመናውን አይቼ አለ።

"ከማጨድህ በፊት ደመናው እንደነበረ የሚመሰክር አለ?"

አያ ስንሻው አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። አልጠቆመም፤ ዓይኑን መልሶ መሬት ጣለው።

"ሰው ነበረ። እሱ ራሱ ይናገር" አለ።

 በዋንዛው ላይ የነበረች ወፍ ስትዘል ትሰማለች። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ አይቻለሁ ማለት ብቻ። ግን ቢያንስ አምሳ ሰው ይጠብቃል፣ እኔ የማውቀው ሰው ሲስቅልኝ ነው እንጂ ሲያዝንብኝ አይደለም፤ ብናገር ደግሞ ታዲያ ለምን ደበቅህ እባላለሁ። አፌ የለመደውን አደረገ።

"ደመናው ነዋ አንቱን ያየ፣ አያ!" አልሁ።

ሙሴው ሳይቀሩ ሳቁ። የተቆጣ ሰው አንዴ ከሳቀ በኋላ መፍረድ ቀላል ነው። እሳት እንዳይጭር፣ ደቦ እንዳይጠራ፣ ከሰንበቴው ጽዋ እንዳይቀምስ ተባለ። ይታይሽ ተነስታ "ለኔ ነው ያጨደ" ስትል፣ እንግዲያው ጤፉንም ሰውዬውንም አትይዥም፤ አንዱን ምረጭ አሏት። ጤፉን መረጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ ስንሻውን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ የምፈርድባት እኔ አይደለሁም።

አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ብቻውን አረሰ፣ ብቻውን ወቃ። ልጆቹ እሳት ሲጠፋባቸው ማዶ መንደር ድረስ ይሄዱ ነበር፣ እዚያም ስማቸው ቀድሟቸው ይደርሳል። እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ ውሃ ቀድቶ እንስራውን ከበሩ ውጭ ያስቀምጥና ይመለሳል። ውሃውን እንጠቀምበት ነበር። መቃብርም እንደ ድሮው ይቆፍር ነበር፤ ለቅሶ ላይ ግን የሚያጎርሰው የለም። አንድ ቀን እንደ ሰው ይበቀላል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ቢያደርገው ቀለል ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ከቆላ ወባ ይዤ መጣሁ። ራሴን ሳትሁ። መኪና መንገዱ ጭቃ ነው፤ በቃሬዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መሄድ አለብኝ። የእርሻ ወቅት ስለሆነ ወንድ ጠፋ። አያ ስንሻው ሳይጠራ መጣና የፊተኛውን እንጨት ከትከሻው ላይ አደረገ። ማንም ሂድ አላለውም። ከንፈሩ ለዋንጫ ረክሷል፤ ትከሻው ግን ለቃሬዛ አልረከሰም።

ተሸካሚ እየዘፈነ ነው የሚሄደው፤ እርምጃ እንዲገጥም። ከኋላ ካሉት አንዱ ጀመረና ሌሎቹ ተቀበሉ። በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት፦ እኛ ለሚካኤል ጠላ ስንቀዳ። የኔ ግጥም ነው። እርምጃው በሱ ገጠመ። የአያ ስንሻው ጀርባ ከፊቴ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለግጥሙ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ እኔን እንዳያናውጥ።

ላህ ወንዝ ሞልቶ ነበርና ጎደል እስኪል አወረዱኝ። ሌሎቹ ከዛፍ ሥር ገቡ። እሱ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ፤ ዝናቡ በሸሚዙ ላይ ይወርዳል።

"አያ" አልሁት፣ "ደመናውን እኮ አይቻለሁ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ተሸፈን።"

"እናገራለሁ።"

"ስትድን ትናገራለህ። አሁን ተሸፈን።"

ዳንሁ። አልተናገርሁም።

ለንስሐ አባቴ ግን ነገርሁ። መቶ ስግደት ሰጡኝ፤ ደግሞም ሰንበቴው ፊት ቆመህ ተናገር አሉኝ። ስግደቱን ሁለት መቶ አድርጌ ሰገድሁ፣ ጉልበት ነበረኛ። ሌላውን ለኋላ አቆየሁት።

በአምስተኛው ዓመት ልጁን ሊድር ሆነ። ድግሱን የሚበላለት ሰው ስለሌለ፣ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ከማጅራቱ ተሸክሞ፣ ወገቡን ታጥቆ ከሰንበቴው ፊት መጣ። ድንጋዩ የወፍጮ መጅ ያህላል። ባላጠፋው ጥፋት ከእግራችን ሥር ጎነበሰና ይቅር በሉኝ አለ። በተራ በተራ ይቅር ለእግዜር ተባለ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። አንገቱ ላይ ድንጋዩ የሠራውን ቀይ ሰንበር እያየሁ፣

"ይቅር ለእግዜር" አልሁት።

ይህን የሚስተካከል ቀልድ ከዚያ በኋላም አልወጣኝም።

የሞተው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ቀብሩ ላይ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ሲጠያየቁ ሰማሁ፤ አንዱ ማን ነው የሞተው ሲል፣ ሌላው ሻሪው አለው። እኔ ያን ጊዜም እየተጫወትሁ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ልጅ ስልኳን ይዛ የቆመችው የሱን ስም ተሸክማ ነው። ባለፈው ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ መፍቻዬን አስቀመጥሁና ወደ ነጂዎቹ ወጣሁ። ሰውዬው ያጨደው ለራሱ እንዳልነበር፣ ደመናው ቀድሞ እንደመጣ፣ ያየሁትም የካድሁትም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው።

 አንደኛው በሳቅ ፈነዳ።

"ኧረ ጋሽ አያሌው፣ ዛሬስ ገደልኸን!"

በሚካኤል አልሁ። ባሰባቸው። አንዱ ከባጃጁ መሪ ላይ ተደፍቶ እንባውን ይጠርጋል። "ፊቱን እዩት፣ የእውነቱን እኮ ነው የሚመስል!" ይላል። በማልሁ ቁጥር ይስቃሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሳቅ ያሰለጠንኋቸው ናቸው፤ ምን ያድርጉ።

ልጅቷ አልሳቀችም። መስታወቱን ቀይሬ ስልኩን ስሰጣት አሁንም በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

"አባባ ይነግረን ነበር" አለች። "ደመናውን አንድ ልጅም አይቶት ነበር ይል ነበር። ማን እንደሆነ ስንጠይቀው ግን፣ ልጅ ነበር፣ ተዉት ይለናል።" ቀና ብላ አየችኝና፣ "እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

እኔ ነኝ አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነችኝና ሄደች። ይቅር ብዬዎታለሁም፣ አልልዎትምም አላለችኝ። ደመናው ያን ቀን ወደ አዊ በኩል አልፎ ሄደ፤ አንድ ጠብታ አልጣለም።

ይህን በጽሑፍ ያደረግሁት ለዚህ ነው። በአፌ ስናገረው ይሳቃል። ሰው ሁሉ እምነቱን በአፉ ሲናገር እሰማለሁ፤ እኔ የማውቀው አንድ ክርስቲያን ግን በትከሻው ነበር የሚናገር፣ እኔም ከላዩ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ።

ድንጋዩን መርጫለሁ። ከላህ ወንዝ በጋሪ አስመጥቼ ከሱቄ በር አጠገብ አኑሬዋለሁ፤ የወፍጮ መጅ ያህላል። እስከ ሰንበቴው ድረስ ተሸክሜው ልሄድ ነው። እስካሁን አልሄድሁም። ባጃጅ ነጂዎቹ ለመቀመጫ ያመጣሁላቸው መስሏቸው፣ ተራ እስኪደርሳቸው ይቀመጡበታል።