ሰባ አራት ዲግሪ

አባቴ መንጃ ፈቃዱን ለማደስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ጅጅጋ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይንህ አያይም ብለው አስቀሩበት። «ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ፊደል መርማሪው ራሱ አያነበውም» አለና ደጃፋችን ላይ ቁጭ አለ። ሦስት ወር ተቀመጠ።

መቀመጡ ባልከፋ፤ ዝም አይልም እንጂ። የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ «ማርሽ ቀንስ!» ይላል። ቤት ሲገባ ደግሞ እናቴን ከሰሉ በዛ፣ ሽንኩርቱ አረረ ይላታል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ማለት ይኼ ነው» አለችኝ። «አቦ የሆነ ነገር ፈልግለት፣ ሊያሳብደኝ ነው!» ቆይቶ ግን መብል እየተወ ሄደ። ልብሱ ሰፋው። ያኔ ቀልዱን ተወችው፤ «እንዲህ እንደተቀመጠ ይሞትብኛል» አለች።

እኔ ያን ጊዜ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ ጎን ለጎን የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ኮምፒውተሬ ፈረስ መጋላ ገበያ የገዛሁት ያገለገለ ዕቃ ነው። የሐረር ሠርግ ደግሞ አጭር አይደለም። አንዱን ሠርግ አቀናብሮ ለማውጣት ማሽኑ ሰባት ስምንት ሰዓት ያለ እረፍት መሥራት አለበት። ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ዘጠና ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ እንደገና ከሀ። አንዲት ሙሽራ አራት ጊዜ ከመኪና ወርዳ አራቴም አዳራሽ ሳትገባ ቀርታብኛለች።

የፕሮሰሰሩን ሙቀት ስክሪኑ ጥግ ላይ በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩ። እኔ ክፍል ውስጥ ስሆን ግን ቁጥሩን ማን ይየው? አባቴን ጠራሁት።

«ሰማንያን ሲያልፍ ይቺን ረጅሟን ቁልፍ ትጫናለህ፤ ሥራውን ያቆማል። ስድሳ ሲገባ መልሰህ ትጫናታለህ።»

«እንደ መኪናው የሙቀት ጌጅ ነዋ!»

«አዎ፣ ጌጅ ነው።»

«ታዲያ ደንገጎ ዳገት ላይ አቁሞ ሞተር ማብረድን ለእኔ ነው የምታስተምረው?»

በማግስቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ቁርሱን አሟጦ በልቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተሰየመ። «ሰባ ስድስት!» ይላል ወደ ጓዳ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርገው፣ ውሃ ልድፋበት?» ትለዋለች እናቴ። እንዲህ ትበል እንጂ ደስታዋ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሞ ሪፖርት ያቀርብልኛል፦ አራት ሰዓት ላይ ሰባ ሁለት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሰማንያ አንድ ገብቶ አቆምኩት፣ ሩብ ሰዓት አሳረፍኩት። ፕሮግራሙ የዕለቱን ከፍተኛ ቁጥር ስለሚይዝ አመሳክረዋለሁ። ቢለያይ በአንድ ወይ በሁለት ዲግሪ ነው። ሙሽሮቹም አንድ በአንድ አዳራሽ ገቡ።

ያስቸገረችኝ እናቴ ነበረች። «የዚህ ሰውዬ ዓይን እየባሰበት ነው» ትላለች። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤታችንን ሰላም አልኩ ብሎ ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ሰላም ብሏል፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ዓይን ሐኪም ጋ እንውሰደው ብላ ያዘችኝ። እኔ ሳቅሁባት።

«እማዬ፣ የጥፍር ያህል ቁጥር ቀኑን ሙሉ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ምን ሆነ? እኔ ማስረጃ ነው የማምነው።»

«ማስረጃህን ያዝ። እኔ አብሬው ነው የምኖረው» አለችኝ።

ይህን ክርክር ዓመት ሙሉ አሸነፍኳት።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበትና ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ቸኩዬ ስለነበር አላስተዋልኩም እንጂ ፕሮግራሙ ሙቀቱን በፋራናይት ያሳይ ጀምሯል። ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት መቀየር የማስተምረው እኔው ነኝ። ሥራውን አስጀምሬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ለምሳ ስመለስ አባቴ በቦታው ነበር፤ ጆሮውን ወደ ማሽኑ ዘንበል አድርጎ፣ መዳፉን ጎኑ ላይ አሳርፎ።

«ስንት ደረሰ?» አልኩት።

«ሰባ አራት» አለ ሳያመነታ።

ስክሪኑን አየሁት። መቶ ስድሳ አምስት ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በወረቀት አሰላሁት፤ መቶ ስድሳ አምስት ፋራናይት ማለት ሰባ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሴልሺየስ ነው። አባቴ ልክ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሰባ አራት የሚል ነገር የለም።

«አባዬ፣ ቁጥሩ ባለ ስንት አሃዝ ነው?»

«ባለ ሁለት ነዋ! ሦስት ሊሆን ነው እንዴ?»

«ስክሪኑ መቶ ስድሳ አምስት ይላል» አልኩት። ገባው። መዳፉን ከማሽኑ ላይ አነሳ።

«ድምፁ ይነግረኛል» አለ። «መጀመሪያ ቁጥሩን አየው ነበር። ሰባ ሲገባ ፋኑ እንዴት እንደሚጮህ፣ ሰማንያ ሲገባ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚፋጅ ያኔ ያዝኩት። ከዚያ ቁጥሩ እየደበዘዘ ሄደ። ሥራው ግን አልተበላሸም። ተበላሽቷል?»

አልተበላሸም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍል አልገባሁም፤ ከእናቴ ጋር ሆነን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድነው። ዓይን ሐኪሟ መብራቷን ይዛ ብዙ ቆየችበት። የዓይን ግፊት ነው አለች። የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቷል፣ አይመለስም። ግራው ጥላ ጥላ ያያል፤ ጠብታውን ካላቋረጠ ያችው ትቆይለታለች። «የዛሬ ዓመት መጥቶ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። እናቴ የጠብታውን ማዘዣ ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ምነው በሰደበችኝ! እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሦስታችንም ተጣብበን፣ እሱን መሀል አድርገን ተቀመጥን። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ሐኪም ቤት እወስድህ ነበራ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩንስ?»

ልዋሸው ፈልጌ ተውኩት።

«ሌላ ጠባቂ እፈልግለት ነበር» አልኩት።

«እኔ የፈራሁት እሱን ነው» አለኝ።