ዐሥራ አንድ አውራ ጣትና የእኔ ስም

በዚያ ዘመን ነገሌ ውስጥ በመንግሥት እህል መጋዘን የምንሠራ ሴቶች ዐሥራ ሦስት ነበርን። እህሉን በወንፊት እንነፋለን፣ ነቀዙንና ጠጠሩን እንለቅማለን። ወንዶቹ ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ። ባሌ በሚሊሺያነት ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ አንድ ዓመት። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ከዚያ መጋዘን ሌላ የምንበላበት የለም። የምፈራው ምን እንደነበር ከአሁኑ ይታወቅልኝ።

ከመካከላችን አንዷ የቦረና ሴት ነበረች። ጠዋት ስንገናኝ የሁላችንን ልጆች አንድ በአንድ ሳትጠይቅ ወንፊቷን አታነሳም። ወለደችና በአርባ አምስተኛው ቀን ልጇን አዝላ ተመለሰች። የመጋዘኑ ኃላፊ በሩ ላይ አስቆማት።

«ቦታሽ ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ሥራ የሚሠራ ሰው።»

«እኔ ሰንፌ አልቀረሁም፣ ጓድ። ወለድኩ እንጂ።»

«እና እኔ ነኝ ውለጂ ያልኩሽ?»

ጫኞቹ ሳቁ። ከሚስቁት አንዱ ዐምና ከመኪና ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረው ሰውዬ ነበር። ሦስት ወር ተኝቶ ቦታው ጠብቆታል፤ እሱ እስኪነሳ ትናንሽ ጆንያዎቹን የተሸከምነው እኛ ሴቶቹ ነን። ሳቁን እችለው ነበር። የእሱ እግር ሦስት ወር ሲጠበቅ የእሷ ማሕፀን አርባ አምስት ቀን አለመጠበቁን ግን መቻል አቃተኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ እናቴ ለወንድሜ ትልቁን ቁራሽ ስትሰጥ አኩርፌ ጦሜን የማድር ነበርኩ።

ማመልከቻ እናስጽፍ ያልኩት እኔ ነኝ። አብራኝ ያለችው ጉራጌዋ ጓደኛዬ ናት፤ ባሏ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረው። የቀሩትን በሁለት ቀን አሳመንናቸው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ግራር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ ሄድን። ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ትመለስ የሚል ለአውራጃው ቢሮ ጻፉልንና ወረቀቱን አዞሩት።

«ልጆቼ፣ ስም አያስፈልግም። ጣታችሁን ክብ አድርጋችሁ አስነኩ። በክብ ውስጥ መጀመሪያ የቆመ አይታወቅም። ለጣት ደግሞ የእስር ቤት በር አይከፈትም።»

ሴቶቹ ሳቁና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ። ዐሥራ አንዱም። ክቡ ሊገጥም አንድ ቦታ ሲቀረው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እስክሪብቶውን ከሽማግሌው እጅ ወሰድኩ።

ኩራቴን አልደብቅም። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሬ የምስክር ወረቀት አግኝቼ ነበር፤ ከመካከላችን ይህ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ያስተማረችን ልጅ «ከእንግዲህ ጣቷን የምታስነካ የእኔ ተማሪ አይደለችም» ብላ አስምላናለች። ጣቴን ቀለም ውስጥ መንከር ራቁቴን ገበያ መውጣት መሰለኝ።

«እኔ እፈርማለሁ» አልኩ።

«ተይ እህቴ» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ የተማርኩት ለምንድን ነው፣ አባባ?»

ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩት፤ በደንብ፣ በትልቁ። ሴቶቹ ወደ ቤት ስንሄድ ጣታቸውን በአሸዋ ይፈትጉ ነበር። እኔ ንጹሕ እጄን እያሳየሁ ሳቅሁባቸው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሰኞ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ማመልከቻችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አውራጃው «ጉዳዩን አይታችሁ መልስ ስጡበት» ብሎ ለተከሰሰው ለራሱ ልኮለታል። ተቀመጪ አላለኝም።

«ዐሥራ አንድ ጣት» አለ፣ ረጋ ብሎ። «ጣት ማንበብ አልችልም። አንድ ስም ግን አነበብኩ። ማስተማራችን ጥሩ ነው፤ ይኸው ፍሬውን አየነው።»

ስሜን ከቆምኩበት አየሁት።

«ይህ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ተሰብስቦ መፈራረም?»

«አቤቱታ ነው፣ ጓድ።»

«አድማ ነው። አድማ ያደረገ ሰው የት እንደሚሄድ ለሚሊሺያ ሚስት አልነግራትም።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ያው መጻፍ ትችያለሽ። ከእያንዳንዱ ጣት አጠገብ የማንኛዋ እንደሆነ ስሟን ጻፊልኝ። እነማን እንደሆናችሁ አጥቼው አይደለም፤ ለማስረጃ በእጅሽ ተጽፎ እፈልገዋለሁ። እስከ ዓርብ። ከጻፍሽ አንቺ የተታለልሽ ነሽ፣ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ። ካልጻፍሽ የሁሉም ራስ አንቺ ነሽ።»

እስከ ዓርብ ድረስ ከሴቶቹ ለይቶ የነቀዝ መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል አስገባኝ። መስኮት የለውም፤ ጣሪያውና ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። የነገሌ ፀሐይ ሲያነደው የመድኃኒቱ ዱቄት ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። ብቻዬን የፈሰሰውን ጠርጌ በጣሳ እመልሳለሁ። ግን ከሳሉ የባሰው ፍርሃቱ ነበር። ውጭ መኪና ሲቆም መጥረጊያዬን ጥዬ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ቀበሌው የሚወስዳቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዳንዱ በሳምንቱ ተመልሷል፣ አንዳንዱ አልተመለሰም። ዐሥር ዓመት ለሆናት ልጄ «ምናልባት ብዘገይ ታናናሾችሽን ይዘሽ አክስትሽ ጋ ሂጂ» አልኳት። «ለምን ትዘገያለሽ?» አለችኝ። «ሥራ ስለበዛ» አልኩ። አላመነችኝም፤ ምሳዋን ሳትበላ ትታ ቀሚሴን ይዛ ተከተለችኝ።

ሴቶቹ ሰምተዋል። በግቢው ሳልፍ አንገታቸውን ወንፊታቸው ላይ ይደፋሉ። ረቡዕ ቀን ጉራጌዋ ጓደኛዬ ውኃ ልትቀዳ መስላ ወደ ክፍሉ በር መጣች።

«የእኔን ትጽፊያለሽ?» አለች፣ ሳታየኝ።

«እጽፋለሁ ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ልጆች አሉኝ።»

«እኔስ ቡችላ ነው ያሉኝ?»

«ማን ፈርሚ አለሽ? ሽማግሌው እየነገሩሽ! ጉረኛ!»

ባልዲዋን አንስታ ሄደች። እውነቷን ነው፤ እውነቷ ግን አንገበገበኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ የመጣበትን ካርቶን ገንጥዬ ልምምድ እንደሚያደርግ ተማሪ የእሷን ስም ጻፍኩ። መጀመሪያ የእሷን። ቀጥሎ የሚመጣውን ስም እያሰብኩ እጄ ቆመ። ስሟን አየሁት። ያንን ፊደል የተማርኩት ለዚህ አልነበረም። ካርቶኑን አኝኬ ዋጥሁት፤ መድኃኒት የነካ እንደነበር ትዝ ያለኝ በኋላ ነው፤ እስኪመሽ ሲያስመልሰኝ ቆየ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮው ገባሁ። እስክሪብቶ ሰጠኝ። ከመጀመሪያው ጣት አጠገብ የራሴን ስም ጻፍኩ። ከሁለተኛው አጠገብም የራሴን። እሱ ሲጋራውን እየለኮሰ ስለነበር አላየም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ፊደሎቼ እየተጣመሙ፣ ዐሥራ አንዱንም ሞላሁ። ላቤ በወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

አንስቶ አነበበ። ደጋግሞ አነበበ።

«ትቀልጃለሽ?»

«አልቀልድም፣ ጓድ።» ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ማመልከቻ እናስጽፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። የሁሉም ራስ እኔ ከሆንኩ ጣቱም የእኔ ይሁን።»

«ዐሥራ አንድ አውራ ጣት አለሽ ማለት ነው?»

«እርስዎ እንደፈቀዱ ይቁጠሩት።»

ከወንበሩ ሲነሳ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። ዘበኛውን ጠርቶ «ይህችን ሴት ከግቢ አስወጣ፤ ዳግም እንዳትገባ» አለው። በአንድ ሰው ስም የተሞላውን ያንን ወረቀት ማስረጃ ብሎ ወደ አውራጃ መልሶ መላክ እንደማይችል የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የገባኝ ሥራዬ ማለቁ ብቻ ነው። ከበሩ ወጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ ሲገባኝ በተቃራኒው፣ ወደ ፊልቱ ከተማ በሚወስደው መንገድ ረጅም ርቀት ሄጄ አንድ ግመል ነጂ «እናቴ፣ ወዴት ነሽ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ከሁሉም የከፋ ነበር። ይመጡብኛል እያልኩ ልጆቼን ልብስና ጫማቸውን እንዳደረጉ አስተኛቸው ነበር። ማንም አልመጣም። አለመምጣታቸውም አላሳረፈኝም፤ ነገ ይሆናል እላለሁ። በሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳልሠራ በሩን እያየሁ እውላለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቦረናዋ ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ኃላፊው አስጠርቷት «ነገ ሥራ ግቢ» ብሏታል። አውራጃው መልስ ጠይቆት እንደሆነ፣ ሌላ ማመልከቻ እንዳይከተል ፈርቶ እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አንቺን ሳይመልስ እኔ እንዴት እገባለሁ?» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። «ሂን ገሉ። አልገባም።»

ቀናሁባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ አፍታ «አዎ፣ አትግቢ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። የጀርባዋ ልጅ ተነስቶ አየኝ።

«ግቢ» አልኳት። «እኛ የጠየቅነው አንቺ እንድትገቢ ነው። ሌላ አልጠየቅንም።»

በማግስቱ ገባች። እኔን ወደዚያ በር የጠራኝ የለም።