የታጠፈው የፈተና ወረቀት

መምህር ከፈለኝ ሰው የማያምነው ምን ደርሶበት ነው? ይስሐቅ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ ሦስት ዓመት ሲኖር ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻለም። አንዴ ራሱን ከፈለኝን ቢጠይቀው፣ «ማን ጠይቅ ብሎህ ነው?» የሚል መልስ አገኘ።

ከፈለኝ የማጂ ልጅ ነው፤ የፊዚክስ መምህር። ወደ ቴፒ ሲሄድ ከኋላው ሰው እንዳይኖር ሚኒባሱ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሙዝ ሲገዛ ከላይ ያለውን ትቶ ከሥር ይመዛል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፉ አትጠፋም። ፈተና ሲያወጣማ ይብስበታል፤ ስቴንስሉን ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ያባዛል፣ የተበላሸውን ወረቀት ራሱ ያቃጥላል።

በ1998 ዓ.ም. ለአሥረኛ ክፍል ባወጣው ፈተና ላይ አንድ ክፉ ጥያቄ ነበረች። አምስት ሬዚስተሮች፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ኦም። ከረንቱ በግራ ይገባና ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በላይ፣ ግማሹ በታች ሄዶ በቀኝ ይገናኛል። በየመንገዱ ሁለት ሁለት ሬዚስተር አለ። አምስተኛው ከላይኛው መንገድ መሃል ወደ ታችኛው መሃል እንደ ድልድይ ተዘርግቷል። ጥያቄው፣ ሁሉም አንድ ላይ ስንት ኦም ይሆናሉ የሚል ነው። ልጅ የምታስለቅሰው ይቺ ድልድይ ናት፤ በተማሩት መንገድ ለመሥራት ገጽ ሙሉ ስሌት ይፈልጋል።

ላምያና ሮዳስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ግን ድልድዩን በጭረት ሰርዘው በሁለት መስመር ጨርሰዋል። አንዷ ክፍሉ ፊት፣ አንዷ ክፍሉ መጨረሻ ስለተቀመጡ ሊኮራረጁ አይችሉም። መልሱም ልክ ነው። የሁለቱም ወረቀት መሃል ለመሃል ታጥፏል።

«የፕላዝማው ትምህርት ይህን አላሳየም፤ እኔም አላስተማርኩም» አለ ከፈለኝ አርብ ማታ፣ ይስሐቅን ትክ ብሎ እያየ። «ፈተናው ያደረው ደግሞ እዚህ ቤት ነው።»

«እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሬዚስተር ከባቄላ አልለይም።»

«አውጥቶ ለመስጠት መለየት አያስፈልግም።»

የይስሐቅ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ሰኞ ነገሩ ዳይሬክተሩ ጋ ከደረሰ ልጆቹ ዜሮ ያገኛሉ፤ እሱም ፈተና ያሾለከ መምህር ተብሎ ከሥራው ይባረራል። ከፈለኝ ያን ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ እሱን ሲያይ አደረ፤ ይስሐቅም ሲታይ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከፈለኝ ይስሐቅን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደና ሁለቱንም ልጆች አስጠራቸው። ሮዳስን ደጅ አስቁሞ ላምያን አስገባ። ይስሐቅንም፣ «አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር፤ በዓይንህ እንዳትጠቅሳት» አለው። ያንኑ ሥዕል እንደገና ስሎ ለላምያ ሰጣት። አንድ ነገር ግን ለውጧል፤ ከታች በስተቀኝ ያለውን ሬዚስተር ሦስት ኦም አድርጎታል። መልሱን ሸምድዳ ከሆነ እንደለመደችው ድልድዩን ትሰርዛለች፤ ያኔ ትያዛለች።

ይስሐቅ ወረቀት ሲታጠፍ ሰማ።

«ቲቸር፣ ይሄ አይገጥምም» አለች ላምያ።

«ምኑ?»

«ሳጥፈው ላይኛው ታችኛው ላይ መዋል ነበረበት። ይሄ ስድስት ነው፣ ከሥሩ ያለው ሦስት። ካልገጠመ መሃለኛው አይወጣም፤ ረጅሙን መሥራት ነው።»

«ከገጠመስ ለምን ይወጣል?»

«ላይና ታቹ እኩል ከሆነ ከረንቱ ወዴት ይሄዳል? የሚገፋው የለ። መሃል ላይ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።»

«ማጠፍ ማን አስተማረሽ?»

«ዳንቴል ነዋ። ከሮዳስ ጋር ስንሠራ ናሙናውን አጥፈን ግማሹን ብቻ ነው የምንቆጥረው። ካልገጠመ መፍታት ነው።» ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ቲቸር ይስሐቅ ተቀጥተው ነው?» አለች።

ሮዳስም በተራዋ ገብታ ወረቀቷን አጠፈች። «ቲቸር፣ ሲስሉት ተሳስተዋል መሰለኝ» አለች።

ከፈለኝ ልጆቹን አሰናብቶ ወረቀቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ ሰጠ። «ዳይሬክተሩ ጋ የሚሄድ ነገር የለም» አለ፤ ይቅርታ ግን አልወጣውም።

ቤት ሲደርሱ ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም አለ።

«አንተ ዳንቴል ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እህትህስ?»

«እህቴ የምትኖረው ጌጫ ነው። እሷም አትችልም።»

ከፈለኝ ጥቂት አሰበበት። እንቅልፍ የወሰደው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።