ለብ ያለው ዝናብ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ይሁን አጋማሽ ላይ፣ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር ያቅተኛል፤ ለንደን ውስጥ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ አንድ አነስተኛ የቴሌቪዥን ድርጅት ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘ። ቤጂንግ በነጻ የትምህርት ዕድል ተምሬ፣ ወደ አገሬ ሳልመለስ እዚያው ለንደን የቀረሁ ሰው ነበርሁ። ድርጅቱ ባለ አራት ቅጽ የቻይና የሳይንስ ልብ ወለድ ወደ ተከታታይ ድራማ ሊለውጥ አስቧል። የእኔ ሥራ መጻሕፍቱን እያነበብሁ፣ እንግሊዛዊት ለሆነችው የድራማው ጸሐፊ ታሪኩን መተረክ ነበር።

ታሪኩ ከምድር ርቃ በጠፈር ስለምትጓዝ መርከብ ነው። ተሳፋሪዎቿ እዚያው የተወለዱ፣ ሰማይ የሚባል ነገር ያላዩ ናቸው። በሦስተኛው ቅጽ፣ በዓመት አንድ ቀን ከመርከቧ ጣሪያ ዝናብ ይለቀቃል፤ ሕፃናትም ልብሳቸውን አውልቀው ከሥሩ ይቆማሉ። ይህን ስነግራት ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሌላውን ሁሉ ብንጥል፣ ይህን አንጥልም» አለች።

ሃክኒ በሚባለው ሰፈር አብሮኝ ለሚኖረው ያገሬ ልጅ በደስታ አወራሁት። ከት ብሎ ሳቀብኝ።

«አንተ! ይሄ እኮ የሩፋኤል ዝናብ ነው። በጳጉሜ እናትህ አስወልቃ ደጅ ያቆመችህን ለፈረንጇ ሸጥክላት?»

«መጽሐፉ ላይ አለ።»

«ቻይና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሩፋኤል የምትታጠበው?»

ገልጬ እንዳላረጋግጥ ሦስተኛውን ቅጽ ለተዋስሁበት ቤተ መጻሕፍት መልሼው ነበር፤ ሌላ አንባቢ ወስዶታል ተባልሁ። እንቅልፍ ነሣኝ። ቻይናዊው ደራሲ ለንደን መጥተው፣ የዝናቡን የሙከራ ቀረጻ አይተው ነበር ፈቃዳቸውን የሚሰጡት። «ይህ የእኔ አይደለም» ካሉ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል፤ የእኔም ቃል ከዚያ ወዲያ አይታመንም።

ሽማግሌው ደራሲ መጡ። እንዳስተረጉም ከጎናቸው አስቀመጡኝ። በስቱዲዮው ጣሪያ ላይ ከተዘረጉት ቧንቧዎች ውሃው ተለቀቀ፤ የዋና ልብስ የለበሱ ልጆች ከሥሩ ገቡ። ጠብታዎቹ በመብራቱ ውስጥ የሚወርዱ ሳይሆን የቆሙ ይመስሉ ነበር። የልጆቹ ሳቅ ከሌላ ግቢ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። የእርጥብ አፈር ሽታ ሸቶኛል ብዬ እምላለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ቤት አፈር አልነበረም።

ደራሲው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?» ሲሉ በቻይንኛ ጠየቁኝ።

«የእኔ ሳይሆኑ አይቀሩም» አልሁ። «በአገሬ፣ በዓመቱ መጨረሻ…»

እስክጨርስ አልጠበቁም። «ውሃው ይሞቃል?»

«አይመስለኝም። ይኸው ይንቀጠቀጣሉ።»

«እንግዲያው አሙቁት በላቸው።»

ጸሐፊዋ ከኋላችን ጎንበስ አለች። «ምን አሉ? አልወደዱትም?»

«ውሃው ይሙቅ ነው የሚሉት።»

ሳቀች። ፈቃዱም ተሰጠ። ለልጆቹ አዝነው ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት።

ድራማው ከሙከራው አላለፈም፤ ሽማግሌውም ዛሬ በሕይወት የሉም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሦስተኛውን ቅጽ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አግኝቼ የዝናቡን ምዕራፍ እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሜ አነበብሁት። አንድም ሕፃን የለም። ዝናቡ የሚወርደው ሰው በሌለበት የሩዝ ማሳ ላይ ነው። ውሃው ግን፣ ይላል መጽሐፉ፣ ለብ ያለ ነበር።

የልጅነቴ የጳጉሜ ዝናብ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ እንደነበር እርግጠኛ ነበርሁ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ በትዝታዬ ከሥሩ ስቆም ግን ይሞቀኛል።