የልጄ ችፌና የመሪጌታ እሬት

ልጄ ዛሬ ጠዋት እጅጌው አጭር ሸሚዝ ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ክንዷ በችፌ ከተላላጠ ወዲህ በሙቀትም ቢሆን ሹራቧን አታወልቅም ነበር። እኔም እዚሁ ፌስቡክ ላይ ያየሁትን ሁሉ ቀባኋት። ሎሚ የቀባኋት ቀን ጩኸቷ ከላሊበላ ጋሸና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ይቅር ትበለኝ።

በመጨረሻ ገነተ ማርያም ወዳሉ፣ ዕፅዋት ወደሚያውቁ መሪጌታ እሬት ፍለጋ ወሰድኳት። ክንዷን አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ ይሄማ መግል ይዟል። መጀመሪያ ሐኪም ይይላት፤ እሬቱ የትም አይሄድብሽም" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ እኔ እኮ መድኃኒት ይሰጡኛል ብዬ ነው የመጣሁት!"

"ይኸው፣ ሰጠሁሽ" አሉ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ መግሉን በመድኃኒት አደረቀችላት፤ የሚቀባም አዘዘችላት። ስለ እሬቱ ስጠይቃት አልሳቀችብኝም። "በትንሽ ቦታ ሞክሪው፤ ካላቃጠላት ከቅባቱ ጋር ቀጥይበት" አለችኝ። መሪጌታም ከጓሯቸው ቆርጠው ሰጡን። ማሳከኩ ቀስ በቀስ ተዋት።

ዛሬ ደውዬ ሳመሰግናቸው፣ "የሐኪሟን የክርስትና ስም ጠይቂልኝ፤ በጸሎት ላስባት" አሉኝ።

እናንተስ? በጭንቃችሁ ጊዜ "ይህ ከእኔ በላይ ነው" ብሎ ትክክለኛውን በር ያሳያችሁ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ፤ አብረን እናመስግነው።